አርግዛለች የተባለችው ልጅ

ሐኪም ነኝ፤ ካላዛር ላይ ምርምር ለመሥራት ከኢትዮጵያ ካርቱም ስገባ ከበሽታው ይልቅ የሰዉ ጥርጣሬ ያደክመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች። በዚያ በኩል አልፈው፣ ሰሊጥ አጭደው ወደ ከተማ የሚመጡ ሐበሾች ትኩሳቱን ይዘውት ይገባሉ። እኔ ደግሞ ከምኖርበት ከቡሪ ሰፈር እየተነሳሁ ከተማው ዳር እስካለው የድሆች ሰፈር እስከ ማዮ እሄድና ታማሚ እፈልጋለሁ።

ማዮ ውስጥ ግን የሚጠይቅ ሰው አይወደድም። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች፣ ከሻ ለሚሉት የፖሊስ አፈሳ የምጠቁም ይመስላቸዋል። ሪክሻዬ ሲቆም በር ይዘጋል። እኔም ብሆን አላምናቸውም ነበር፤ "እዚህ የታመመ የለም" እያሉኝ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ሲያቃስት እሰማለሁ።

ልጅቷን ያገኘኋት እንዲህ ካለው መጋረጃ ጀርባ ነው። የወሎ ልጅ ናት። አል-ማንሺያ ከአንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ስትሠራ መዳሟ አባራት፣ ማዮ ከምትኖረው የአክስቷ ልጅ ዘንድ ተጠግታለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ክንዷ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል፤ ሆዷ ግን ወደ ፊት ገፍቷል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

የመለሰችልኝ የአክስቷ ልጅ ናት፤ ጠና ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። "ምን ትሆናለች? ከሰው ቤት ያመጣችውን ታቅፋ ተቀምጣለች። መዳሟ ባሏን ጠርጥራ ነው ያባረረቻት።"

"ወላሂ ወንድ አላውቅም" አለች ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞራ።

"ሆድሽ ያወራል እኮ!"

አስተኝቼ ዳበስኳት። ጠጣሩ ነገር ከማህፀን በኩል የተነሳ አልነበረም፤ ከግራ ጎድኗ ሥር ወጥቶ ወደ እምብርቷ ወርዷል። ካላዛር የሚያሳብጠው ጣፊያ ነው። ትኩሳት እንዳላት ስጠይቃት ገዳሪፍ ሰሊጥ ካጨደች ወዲህ እንደሚመላለስባትና የወባ ኪኒን ቢሰጧትም እንዳልተዋት ነገረችኝ።

"ሆስፒታል እንውሰዳት፤ ሕክምናው በነፃ ነው" አልኩ።

የአክስቷ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። "በነፃ? ካርቱም ውስጥ በነፃ የሚሰጥ ምን አለ? ልታስወርጂያት ነው፤ ወይ ኩላሊቷን ልታወጪ።"

"እንግዲያው አንቺም ነይ። ከአጠገቧ እንዳትለዪ።"

"ያላ!" ብላ ተነሳች፤ ልጅቷን እንደ እስረኛ ክንዷን ጨብጣ ይዛ ወጣች።

ሆስፒታል መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አሠራሁላት፤ የለም አለ። የአክስቷ ልጅ "መሣሪያው የናንተው ነው" አለችኝ። የካላዛሩ ምርመራ አለ ሲልም ከንፈሯን መጠጠች። አልጋ ወደተሰጠን ክፍል ስንሄድ ግን በወንዶቹ ክፍል በር አለፍን። አንድ ፂማም ሰውዬ ጀላቢያውን ሰብስቦ ተጋድሟል፤ ሆዱ ልክ እንደ ልጅቷ ነው።

የአክስቷ ልጅ ቀጥ ብላ ቆመች። "እሱስ?"

"ያው በሽታ ነው።"

ገብታ በዐረብኛ አነጋገረችው፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም።  ምሳ ሲመጣ ግን ልጅቷን በእጇ ታጎርሳት ጀመር።

የካላዛር መድኃኒት መርፌው ያማል፤ ልጅቷ ትራሱን ነክሳ ቻለችው። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ መብላት ጀመረች፣ ሆዷም ጎደለ። እኔ ደስ አለኝ፤ ጣጣው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ማዮ ስትመለስ ያ ሆድ የለም። "ሐኪሟ አስወረደችላት" ተባለ። መዳኗ ራሱ ማስረጃ ሆነባት።

መዳሟ ዘንድ ሄጄ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጭማቂ አቀረበችልኝ፣ በትህትና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ "አልሐምዱሊላህ" አለች። በር ድረስ ሸኝታኝ ስታበቃ "ታዲያ ሆዷ የት ሄደ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት ቡሪ ቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለወሎዋ የሰጠሁትን መድኃኒት ለእሷም እንድሰጣት ለመነችኝ። እሷ በእርግጥ አርግዛለች። መድኃኒቱ የሌላ በሽታ መሆኑን ብነግራትም አላመነችኝም። "የሀገር ልጅ ነሽ ብዬ ነበር" ብላኝ ሄደች። ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስለ ካርቱም ሳስብ ግን ቀድማ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

በልጅቷ ላይ የሚወራውን የለወጠችው ያቺው የአክስቷ ልጅ ናት። ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ በተሰበሰቡበት፣ እኔም ባለሁበት፣ ጎርናና ድምፅዋን ለቀቀችው። "ፂም ያለው ወንድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሆዱ ከእሷ ይበልጣል! እስቲ እሱንም ማን እንዳስረገዘው ንገሩኝ!"

መጀመሪያ አንዷ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ሁሉም አላመኑም፤ የሳቁትም ቢሆኑ ልጅቷን የሚያዩት ከጎን ነበር። እሷ የሰው ቤት መሥራቱን ትታ ቡሪ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በወጥ ሠሪነት ገባች።

በሳምንቱ ግን አንዲት የማዮ ሴት ሆዱ አብጦ የከሳ ባሏን ደግፋ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

"እኔ አላምንሽም" አለችኝ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ። "ግን ሊሞትብኝ ነው።"

"አትመኚኝ። አጠገቡ ቁሚና የማደርገውን እዪ።"

ቆመች። ጣቱን ስወጋው፣ ደሙን ስቀዳ፣ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም።