እንግዶቹ ምን ተከሉ?

ቅዳሜ ጠዋት 12፡00፣ ሲቀላ

ጎህ ሲቀድ ከአክስቴ ከብርቱካን ጋር አያቴ ወዳሉበት ወደ ዶርዜ ተነሳን። አክስቴ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ትልቅ ማንጎ ቆርጣ የኪራይ ክፍሎች ልትሠራ አስባለች፤ መጥረቢያም ከጎረቤት ተውሳለች። ማንጎውን ግን ድሮ ከተማ ወርደው ሲሸምኑ የተከሉት አያቴ ናቸው፤ ሳይጠየቁ አይቆረጥም።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ኤርፖርቱ ውስጥ ያለው የአሜሪካኖች ካምፕ ነው። አክስቴ እዚያ ጽዳት ትሠራለች። «ገና ይሰፋል፤ ቤት ይፈለጋል» ትላለች። እኔም ጋዜጣ አገላብጬ «ይሰፋል» የሚል ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ሰኞ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አነበዋለሁ።

1፡00፣ የኤርፖርቱ መንገድ

ሚኒባሳችን በአጥሩ በኩል ስታልፍ ግራጫ አውሮፕላን ተነሳ። ቀጭን ነው፣ መስኮት የለውም። እጄን አውለበለብኩ።

«ለማን ነው?» አለ ሾፌሩ። «ሰው እኮ የለበትም።»

ከዓባያ በላይ ዞሮ እስኪጠፋ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

3፡30፣ ዶርዜ

ከታች ዓባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ። እዚህ ብርድ ነው። አያቴ ሰፈር ስንደርስ ቤት እየሄደ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሥሩን ምስጥ የበላውን፣ ፊቱ ዝሆን የሚመስለውን የጎረቤት የቀርከሃ ቤት ሰዎች ከነጣራው ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ወደ አዲስ ቦታ ይወስዱታል። እስክሪብቶዬን መያዜን ረሳሁ።

ቆጮ በዳጣ እየበላን አክስቴ ነገሯን አቀረበች። አያቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ጸሐፊዋ፣ እንግዶቹ ምን ተከሉ?»

«ቤት ሠርተዋል፣ አባባ።»

«ቤትማ ሲሄድ አየሽው።» ከሄደው ቤት ጓሮ የቀረውን እንሰት አሳዩኝ። «ይሄ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ሊቆይ ያሰበ ሰው ቶሎ የማይደርስ ነገር ይተክላል።»

አክስቴ ሳቀች። «አሜሪካ እንሰት ይትከል እንዴ?»

«ማንጎም ይሁን። ካምፑ የምትገቢው አንቺ ነሽ፤ ምን አየሽ?»

አክስቴ ቆጮዋን አስቀመጠች። «ጠጠር» አለች። «ኮንቴይነር። ድንኳን። አንድ የዛፍ ጥላ የለም።»

«እንግዲህ ማንጎው ያንቺ ነው። አልከለክልሽም።»

11፡00፣ ሲቀላ

ቁልቁል ስንወርድ ሚኒባሷ እያንገጫገጨችኝ «ይሰፋል» የሚለውን ሰረዝኩ። «አይሰፋም፤ የሠሩት ተነስቶ የሚሄድ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ብሳሳትም ስህተቱ የእኔ ይሁን ብዬ ከሥሩ ስሜን አሰፈርኩ።

ግቢ ስንገባ አክስቴ ማንጎው ሥር ቆመች። ግራጫው አውሮፕላን ሲመለስ ድምፁ ከላያችን አለፈ፤ ቅጠሉ ጋርዶን አላየነውም።

«ሂጂ» አለችኝ ቀና እንዳለች፣ «መጥረቢያውን ለባለቤቱ መልሺ።»