ሥርጉት በሰው ጀልባ

ሥርጉት ታከለ አዘዞ ገበያ ዳር ዓሣ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በማለዳ ሚኒባስ ከጎርጎራ የሚመጣላትን የቆሮሶውን ቅርፊት ፍቃ፣ የአምባዛውን ቆዳ ገፍፋ፣ አጥንቱን ለይታ እስክትሰጥ ድረስ ገዢው የቆመበትን ይረሳል። ያደገችው ጎርጎራ ነው። አባቷ አያ ታከለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በደንገል ታንኳቸው ላይ ከኋላቸው እያስቀመጡ ጣና ላይ ይዘዋት ይወጡ ነበር። ስለዚህ ዓሣ አውቃለሁ የሚል ሰው ስትሰማ መጀመሪያ የምታየው እጁን ነው። በመንጠቆ ያልተበሳሳ እጅ ያለውን ሰው ከዚያ በኋላ አትሰማውም።

ባለፈው መስከረም ጎርጎራ ላይ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ሊደረግ መሆኑን ሰማች። የነገረቻት ከአዘጋጆቹ አንዷ የሆነችው ዳግማዊት ናት፤ የደንበኛዋ ልጅ። በአንድ ጀልባ ሁለት ሰው ይወጣል። ባለጀልባው ከፊት ተቀምጦ ይነዳል፤ የት እንደሚጠመድም የሚወስነው እሱ ነው። ጀልባ የሌለው ሰው ደግሞ በዕጣ ይደለደልና ከኋላ ተቀምጦ፣ በተወሰደበት ቦታ ያጠምዳል። የሁለቱ ዓሣ ለየብቻ ይመዘናል። ከኋላ ከሚቀመጡት አንደኛ ለሚወጣው የተዘጋጀው ሽልማት ትልቅ ማቀዝቀዣ ነበር። ሥርጉት በሙቀት ተበላሽቶ የጣለችውን ዓሣ ሁሉ አሰበችና ተመዘገበች።

ዕጣው ዳኛው ከሚባል ሰው ጋር አገናኛት። ዳኛው ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ነጋዴ ሲሆን፣ በስልኩ የፈረንጆችን ማጥመድ ሲያይ ከርሞ ባለሞተር ጀልባ ገዝቷል። ልትተዋወቀው ስትሄድ ሱቁ ጣሪያ ላይ አገኘችው። አሥራ አራት ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሷል፤ ኪሶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ባልዲ ከሩቅ አስቀምጦ ክሩን ወደ ባልዲው መወርወር ይለማመዳል። እሷ ደርሳ ስትቆም መንጠቆው የጎረቤት ሰው ያሰጣውን አንሶላ ያዘ።

«አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ስሠራ ነው የከረምኩት» አላት፣ አንሶላውን ለማላቀቅ እየታገለ።

ሥርጉት እጁን አየች። ለስላሳ ነበር። ያን ዕለት ወደ አዘዞ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን ማቀዝቀዣው ትዝ አላትና ሳቋ ወደ ብስጭት ተለወጠ። ይህ ሰው የፈለገበት ሊነዳ፣ እሷ ከኋላው እንደ ጆንያ ልትጫን!

የራሷን ዝግጅት ግን አላጓደለችም። ከጎመን ማሳ ጥግ ትል ቆፍራ በጣሳ ውስጥ በእርጥብ አፈር አስቀመጠች። መንጠቆዎቿን አንድ በአንድ በድንጋይ ሳለች፤ አዲስ ክር ገዝታ በውኃ አለሰለሰች፤ አባቷ ዓሣ ይመቱበት የነበረውን አጭር የወይራ ዱላ ከሣጥን አወጣች። ዳኛው በየምሽቱ ይደውላል። ክሩ ምን ዓይነት ይሁን? ጫማ ይደረጋል ወይስ አይደረግም? ዓሣ ድምፅ ይሰማል? እሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ቢላዋዋን ትስላለች፤ ንግግሩ ቆም ሲል «እህ» ትለዋለች። አንድ ጊዜም ጨርሳ አላዳመጠችውም።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሐይቁ ላይ ለልምምድ ወጡ። ጀልባው ላይ ከውኃው በታች ያለውን ዓሣ ያሳያል የተባለ ባለመስኮት መሣሪያ ተገጥሟል። ሥርጉት ከክረምት በኋላ ትልልቁ ነጭ ዓሣ የሚከማቸው መገጭ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት አፍ ላይ መሆኑን፣ ነፋሱ ሳይነሳ እዚያ መድረስ እንደሚገባ ነገረችው። ዳኛው መስኮቱ ላይ አፍጥጦ፣ መሣሪያው ዓሣ ያለው ወዲህ ነው ይላል ብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነዳ። አምስት ሰዓት ሙሉ ሣር ጎተቱ።

«መሣሪያው ጣናን መች ያውቀዋል?» አለችው።

 ከዳኛው ኪሶች አንዱ ባዶ አልነበረም ለካ፤ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ሥርጉት ደብተሩንም ናቀችው።

የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ ሁሉም ጎርጎራ አዳራሽ ተሰብስቦ ደንቡ ተነበበ። ገና ሲጀመር ዳኛው እጁን አውጥቶ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ ጠየቀ። ሥርጉት ከሱ ጋር መታየቱ አሳፈራትና ተነሥታ ወጣች። የተቀረውን ደንብ አልሰማችም፤ ጣና ላይ ለማጥመድ ወረቀት የሚያነብ ሰው ለሷ ሰው አልነበረም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ዳኛው በቀጥታ ወደ መገጭ አፍ ነዳ፤ መስኮቱን በባርኔጣው ሸፍኖታል። ሥርጉት ገረማት። ልክ መሥራቱ ራሱ አናደዳት።

ዳኛው ቀድሞ ሦስት ቆሮሶ ያዘ። እያንዳንዱን እግሩ ሥር ባለው የውኃ ገንዳ ውስጥ ቀስ አድርጎ ሲያስገባ አይታ፣ እንደ ሕፃን ያጥባል እንዴ ብላ በልቧ አፌዘችበት። አራት ሰዓት ገደማ የሷ ክር ተወጠረ። ዓሣው ከባድ ነበር፤ እየሰጠች እየሳበች ብዙ ታገለችው፤ መዳፏ ተላጠ። ዓሣው ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ዳኛው ሞተሩን አጥፍቶ በመረብ አነሣላት፤ የክንድ ርዝመት ያለው ነጭ ዓሣ።

«እንዳትመቺው ሥርጉት፤ የሚመዘነው በሕይወቱ ነው» አላት።

«የዓሣውን ነገር ለኔ ይተዉትና መሪዎን ይያዙ» አለችና በወይራው ዱላ ጭንቅላቱን አለችው።

ሚዛኑ ጋ ዳግማዊት የዓሣውን መተንፈሻ ስንጥብ ገልጣ አየች፤ ደጋግማም ነካካችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሞተ ዓሣ እንደማይመዘን፣ ሁሉም ተመዝኖ ወደ ሐይቁ እንደሚለቀቅ ነገረቻት። ሥርጉት ደሟ ፈላ። ይዞ ለመልቀቅ ይህን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠለው ሕዝብ እብድ ሆኖ ታያት፤ ይህንኑም በፊታቸው ተናገረች። ከተሰበሰበው ሰው መካከል የሚሥቅ ነበር። አንዱ ደንብ የማታውቅ ዓሣ ሻጭ ማን አመጣት ሲል ተሰማ።

ዳኛው ወደ ፊት ወጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። አብሮኝ ለተቀመጠው ሰው ደንቡን መንገር ነበረብኝ፤ ረስቼው ሳልነግራት ቀረሁ።»

ደንቡን ለጓደኛው ያልነገረ ባለጀልባ በደንቡ መሠረት ይቀጣልና የሱም ዓሣ ተሠረዘ። ቆሮሶዎቹ ሦስተኛ ያወጡት ነበር።  ሥርጉት ዓሣዋን በጆንያ ጠቅልላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከቆላ ድባ ጀምሮ አዘዞ እስክትደርስ በልቧ ስትሰድብ የመጣችው ዳኛውን ሳይሆን ራሷን ነበር።

በሳምንቱ ዳኛው ሰደርያውን እንደለበሰ አዘዞ ሱቋ ድረስ መጣና አንድ ኪሎ ቆሮሶ ጠየቀ። የዕለቱን መርጣ አዘጋጀችለት።

«ነግረውኝ ነበርኮ» አለችው፣ ዓይኗን ከቢላዋው ሳታነሣ።

«ሞተሩ ይጮህ ነበር፤ ሳትሰሚኝ ቀርተሽ ይሆናል።»

«ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ሰምቼዎታለሁ።»

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ዓሣውን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ዞሮ፣ ቆሮሶ የሚጠበሰው ከነጭንቅላቱ ነው ወይስ ተቆርጦ ብሎ ጠየቃት። የሞኝ ጥያቄ ነበር። ሥርጉት ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ሌሎች ገዢዎች ቆመው እየጠበቁ፣ እስኪገባው ድረስ አስረዳችው።