አንገቴ ሥር የወጣው እጢ

ባለፈው ሳምንት ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ሳል ያዛት። ከፊታችን የነበረች እናት ዞር ብላ አየቻትና ሕፃኗን ወደ መስኮቱ አሸጋገረችው። ልጅቷ አይታ አንገቷን ደፋች። ጉርድ ሾላ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደች፤ መውረጃዋ እዚያ አይመስለኝም። እኔ ግን ሐሳቤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ወደነበረበት ክረምት ሄደ።

ቤታችን የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። እሷ ላምበረት መንገድ ዳር ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጣለች። ሚያዝያ ላይ ፀጉሬን ስሠራ አንገቴ ሥር ሽምብራ የምታህል እብጠት በጣቴ አገኘሁ። አታምም። «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» አልን። አልጠፋም፤ እየዋለ እያደረ ማታ ማታ ያተኩሰኝ ጀመር።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ከእብጠቱ በመርፌ ትንሽ ቀድተው አዩና የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ብለው መድኃኒት አስጀመሩኝ። ነርሷ «የእጢ ቲቢ እንደ ሳንባው አይተላለፍም» ብላ ነበር። እማዬ የሰማችው ግን «ቲቢ» የሚለውን ብቻ ነው። ታናሽ እህቷን የወሰደባት እሱ ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮ ያለችው ክፍል የእኔ ሆነች። ኩባያዬ ተለየ፣ ሳህኔ ተለየ። እማዬ ምግቤን የበሩ ደፍ ላይ ታስቀምጥና «ብዪ የኔ ልጅ» ብላ ፈንጠር ትላለች። በክፋት አልነበረም። ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ አትጠጋኝም እንጂ።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውላል። መስኮቴ አንድ ናት፤ የምታሳየኝም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ነበር። ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ ሸክሙ እያጎበጣቸው ሲያልፉ እኔ እቀናባቸው ነበር። ይሄዳሉ እኮ! ከጎረቤት የበቆሎ ጥብስ ሲሸተኝ ያምረኛል፤ ሲመጣልኝ ደግሞ ጋጥ ጋጥ አድርጌ እተወዋለሁ። ሌሊት አንሶላዬ እስኪጨመቅ ያልበኛል። ቀን ገላዬን ያሳክከኛል፤ ሽፍታ የለ፣ ቁንጫ የለ። እስኪደማ ድረስ በማበጠሪያ እፍቀው ነበር። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ፤ እጢው ግን እንቁላል አከለ።

«እማዬ፣ ሌላ ሐኪም ይየኝ» አልኳት አንድ ቀን።

«መድኃኒትሽን ሳትጨርሺ? ያቋረጠ አይድንም ብለዋል እኮ!»

እውነቷን ነው፣ ብለዋል። ጤና ጣቢያ ስሄድም «ታገሺ፣ ጊዜ ይወስዳል» ነው መልሱ። መድኃኒቱ አያሽለኝ፣ ልተወው አልችል። እንጦጦ ጠበል ወሰደችኝ፤ ተንቀጥቅጬ ወደዚያችው ክፍል ተመለስኩ። በሩ ተቆልፎብኝ አያውቅም። ግን ወጥቼ የት እሄዳለሁ?

ጳጉሜ ላይ ገላዬን ስታጠብ ብብቴ ሥር ሌላ እብጠት አገኘሁ። እማዬ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ክንዴን አንስቼ አሳየኋት።

«መድኃኒቱ እየሠራ ከሆነ ይሄ ከየት መጣ?»

ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀመጠች። «ነገ እንሄዳለን» አለች።

ትልቅ ሆስፒታል ነው የሄድነው። ያየችኝ ሳይሆን ያዩኝ ልበል፣ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ሐኪም ነበሩ።

«ሌሊት ያልብሻል? ከስተሻል?»

«አዎ።»

«ያሳክክሻል?»

ስለ ማሳከኩ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። አንገቴን፣ ብብቴን፣ ከጎድኔ ሥር ሆዴን በጣታቸው ዳሰሱ። «ቲቢም እንዲህ ያደርጋል» አሉ፤ «ግን ቲቢ የሚመስል ሌላም አለ። በመርፌ የሚቀዳው ጥቂት ስለሆነ ሊያሳስተን ይችላል። አንዱን እጢ ሙሉውን አውጥተን በማይክሮስኮፕ እንየው።»

አወጡት። ውጤቱ ሲደርስ መስቀል አልፎ የሰፈራችን ጭቃ ደርቆ ነበር።

«ቲቢ አይደለም» አሉን። «ሊምፎማ ይባላል፤ የእጢ ካንሰር ነው። በሽታ የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች ከልክ በላይ ሲባዙ የሚመጣ ነው። ያንቺ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ሕክምናው ግን ከባድ ነው።»

ከአንዱ ጠባብ ክፍል ወጥቼ ይበልጥ ወደሚጠብ የገባሁ መሰለኝ። እማዬ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ዶክተር፣ ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም እናቴ።»

ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ። እዚያው ሐኪሟ ፊት፣ ፋሻው ያለበትን አንገቴን ሳመችው።

ሕክምናው እንዳሉት ከባድ ነበር። ፀጉሬ ረገፈ፤ ውሃ እንኳ ያስመልሰኝ ነበር። ግን ዳንኩ።

እማዬ አሁን አርጅታ እኔ ዘንድ ናት። ካንሰር ሲባል መጀመሪያ የጠየቀችው «ይተላለፋል?» ብላ መሆኑ ለዓመታት ቅር ይለኝ ነበር፤ ለራሷ የፈራች መስሎኝ። ሰሞኑን አነሳሁባት።

«ካንሰር ማለታቸውን መች ሰማሁና» አለች። «ቲቢ አይደለም ሲሉ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ልጄን ልቀፋት ወይስ አሁንም አልችልም፣ ይሄን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት።»

ያን ክረምት እዚያ ቤት ውስጥ የታሰርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ።