ክንፉና ሁለቱ ፊደላት

ሃይፋ ውስጥ ክንፉን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ደብዳቤ አስጽፎ የማያውቅ ነው። ቀን አጠገባችን ባለችው ከተማ ቲራት ካርሜል አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ትልልቆቹ በሚሰበሰቡበት ክበብ ጥግ ይዞ፣ ለየሚስራዱ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ማለቴ ነው፣ የሚላከውን ማመልከቻ ሁሉ በዕብራይስጥ ይጽፋል። ክፍያ አይቀበልም። ምስጋና ግን ይቀበላል፣ ያውም ሳይጠግብ። ክበቡን የማጸዳው እኔ ነኝና ሁሉንም አይቻለሁ።

ያበላሸው ሊኦን ነው። ሊኦን የመጋዘኑን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ሩሲያዊ ነበር፤ ኢማክስ የሚባል መጻፊያ ፕሮግራም አሳየው። ሲያዩት አያምርም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ነገር ግን ያስተማሩትን ይማራል፤ የሌለውን ትእዛዝ ባለቤቱ ራሱ ጽፎ ይጨምርበታል። ክንፉም ጨመረበት። መጀመሪያ ሁለት ፊደል ሲመታ አድራሻውን ከነሰላምታው እንዲያወጣ አደረገው። ቀጥሎ አመልካቿ ሴት ስትሆን ግሱን ሁሉ ወደ ሴት እንዲለውጥ፣ ከዚያም የልጅ ስም አንዴ ከላይ ከተጻፈ በየክፍት ቦታው ራሱ እንዲሞላ። በመጨረሻ የሰውን ታሪክ ራሱን በሁለት በሁለት ፊደል አሰረው፤ ባል ለሞተባት ሁለት ፊደል፣ ልጅ ለታመመበት ሁለት ፊደል።

በዚህ መሀል መስማት ተወ። አንዱ ሽማግሌ ከአያቱ ጀምሮ ሊያጫውተው ሲል «ገባኝ አባባ፣ ገባኝ» ይልና ጣቱን ይሰነዝራል፤ ገጹ ጢም ይላል። እኔን በጣም ያናድደኝ ነበር። የሰው መከራ እንዲያ ቶሎ ሲያልቅ ማየት ያስጠላል።

እማማ ሙሉእመቤት የመጡት ለልጃቸው ለስሜነህ ጉዳይ ነው። እሳቸው እዚህ ከገቡ ስንት ዓመታቸው፣ እሱ ግን የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀ እንደተንጠለጠለ ጎንደር ቀርቷል። ሚስራዱ ሐሙስ ለራአዮን፣ ለቃለ መጠይቁ፣ ጠርቷቸዋል፤ ይዘውት የሚሄዱት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ካልቀረቡ ፋይሉ እንደሚዘጋ ተነግሯቸዋል። ስሜነህም የጎንደር ስልክ ከመቋረጡ በፊት ይህንኑ ሰምቶ ነበር።

«አንድ ወንድ ልጄ ነው ክንፉዬ፣ አገሩ ጦርነት ነው፣ ድምፁን ከሰማሁ…» ብለው ጀመሩ።

«ገባኝ እማማ» አለና የስሜነህን ስም ከላይ ጽፎ ሁለት ፊደል መታ።

የመጣው ግን በቀደም ልጇ ለሞተባት ለአንዲት እናት የጻፈው ታሪክ ነበር። ፕሮግራሙ እንደተማረው የስሜነህን ስም በየቦታው ሞላበት። ክንፉ በፍጥነቱ እየተደነቀ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ «ልጄ ስሜነህ ጎንደር ላይ ከሞተ ወዲህ፣ የልጅ ልጆቼ ሰብሳቢ አጥተው…»

የገዛ አፉን የሰማው እማማ ደረታቸውን እየደቁ መሬት ሲወድቁ ነው።

«ታኡት ነው! ስህተት ነው እማማ! አልሞተም፣ የሌላ ሰው ነው!»

እንግዲህ መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ዝም ብሎ አይነገርም። «ትንሽ አሞት ነው፣ ድኗል» እየተባለ ይደበቃል፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ እስኪያረዱት ድረስ። ስለዚህ ክንፉ «አልሞተም» ባለ ቁጥር የስሜነህን መቃብር ይበልጥ ቆፈረው። ሁሉም የገባው አንድ ነገር ነው፤ ክንፉ ሞቱን ሰምቶ ደብቆ ኖሮ አሁን አመለጠው። ወደ ጎንደር ቢደወል ስልክ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እማማ ለቅሶ ተቀመጡ። ረቡዕ ዕለት ክንፉ ላፕቶፑን ታቅፎ ለቅሶ ቤት ገባና ለለቀስተኛው ማሳየት ጀመረ። «ተመልከቱ፣ የማንንም ስም ስጡኝ፣ ይገድለዋል!»

«የእኔን ልትሰጠው ነው?» ብለው ሽማግሌው አባ አሞስ በከዘራቸው ተነሡበት።

ያም ሆኖ እማማ እግር ሥር ተንበረከከ። «እማማ፣ ነገ ራአዮን አለብዎት። እባክዎ ይሂዱ።»

«ለሞተ ልጅ ምን ብዬ ልለምን?» አሉት።

ለቅሶ የተቀመጠ ከቤት አይወጣም፤ የሚያስወጣቸውም አልተገኘም። ሐሙስ አለፈ። ሚስራዱም ባለጉዳይዋ አልቀረቡም ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ክንፉ ከዚያ ወዲህ ከሥራ እንደወጣ እማማ ቤት እየሄደ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ማንም ውኃ እንኳ አያቀርብለትም፤ እኔም አላቀረብሁለትም፣ ደግ አደረግሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ የእማማ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

«እማዬ! ስልኩ ዛሬ ተከፈተልን እኮ! ሐሙስ ሄድሽ አይደል? ጉዳዬ እንዴት ሆነ?»

እማማ ስሙን ሁለት ሦስቴ ጠሩት። ፊታቸው ቦግ አለ፤ እልልታው ከአፋቸው ሊወጣ ሲል ግን ጥያቄው ገባቸውና ጠቆሩ። ስሜነህ ከወዲያ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ይላል። ስልኩን ለክንፉ ዘረጉለት።

«እንካ፣ አንተ ንገረው» አሉት። «መርዶ አንተ ታውቅበታለህ።»