ለእማዬ አልጋ መዶሻ የሠሩት ጋሽ ዳንሳ

ጠዋት ስልኬን ስከፍት "አባዬ አረፈ" የሚል መልእክት አገኘሁ። የላከችልኝ የጋሽ ዳንሳ ልጅ ናት። ደግሜ አነበብኩት። በቀደም እኮ አውርተናል፤ "ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ" ብለውኝ ነበር። ስህተት ይሆናል ብዬ ደወልኩ። ከወዲያ የሰማሁት ለቅሶ ብቻ ነው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። የወላይታ ሰው ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ ሰው ቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ምሥራቅ ጀርመን ኤሌክትሮኒክስ ተምረው መጥተው፣ እዚህ ሬዲዮ ሲጠግኑ ይውላሉ።

ታላቅ ወንድሜን ግርማን ለውትድርና በአፈሳ ወሰዱት። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው የቀረው። አንዴ ከሰሜን "ደህና ነኝ በሏቸው" ብሎ በሰው ላከብን። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

እማዬን ማጅራት ገትር ጆሮዋን ከነሳት ቆይቷል። ግርማ መጥቶ ቢያንኳኳ እንደማትሰማው ሲገባት፣ በርጩማዋን በሩ ሥር አድርጋ መዳፏን ቆርቆሮው ላይ ለጥፋ ትቀመጥ ጀመር። ንዝረቱን በእጇ ልታውቅ ነው። እኔ እሰማልሻለሁ ብዬ በምልክት ብለምናት፣ "አንቺ ቀን ተማሪ ቤት ነሽ፣ ማታ ደግሞ ግንድ ነሽ!" አለችኝ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። እዚያው ቆርቆሮው ሥር ልትሞትብኝ ነበር።

ጋሽ ዳንሳ ይህን አይተው አላስቻላቸውም። ከጀርመን ያመጧት፣ የተጻፈባትን ትእዛዝ ይዛ የምትሠራ አንዲት ቺፕ ነበረቻቸው፤ ብትቃጠል ሌላ ከየትም አይገኝም። እሷን አወጡ። በሩ ላይ ንዝረት የሚለይ ነገር ገጠሙና፣ ለቺፕዋ ግርማ በር የሚያንኳኳበትን ስልት አስተማሯት፦ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። የእንጦጦ ንፋስ በሩን ቢያንገጫግጨው ዝም እንድትል። የእማዬ አልጋ ብረት ላይ ደግሞ ሶሌኖይድ አሰሩ፤ ጥቅልል ሽቦ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መሃሉ ያለው ብረት እንደ መዶሻ ተፈናጥሮ አልጋውን ይመታል።

"ለምን ከቺፕዋ ጋር በቀጥታ አያገናኙትም?" አልኳቸው።

"ትሞታለቻ! የቺፕ እግር ትዘዝ እንጂ አትሸከም።"

እግር የሚሉት ቺፕዋ ትእዛዝ የምታወጣበትን ቀጭን ብረት ነው። ሸክሙን ትራንዚስተር፣ በትንሽ ትእዛዝ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ይችለው ብለው መሃል አስገቡ። ጥቅልሉ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ገልብጠው አሰሩበት፤ ኃይሉን ድንገት ሲነጥቁት ይራገጣል፣ እርግጫው ቺፕዋ ጋ እንዳይደርስ። "ትዘዝ እንጂ አትሸከም" የማይሉበት ቦታ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበር ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ እኛን አፈር ሲያስዝቀን፣ "ይሄም የቺፕ እግር ነው" ብለው በጆሮዬ አስቀውኛል።

እማዬ ተኛች። መብላትም ጀመረች።

አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ መጣ፤ መዶሻው አልጋውን መታ። እማዬ ባዶ እግሯን በረረች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ማንም የለም። መብራት ሲመለስ ቺፕዋ ነቅታ ሥራ እስክትጀምር እግሯ ባለቤት የለውም፤ እስከዚያ ትራንዚስተሩን ዝም የሚያሰኝ አንድ ሬዚስተር ጋሽ ዳንሳ ረስተው ኖሯል። እያለቀሱ ጨመሩት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" አሏት በምልክት።

እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። "ዳንሳዬ፣ የልጄ እጅ ተቆርጦ ቢሆንስ? እንደ ድሮው መምታት ቢያቅተውስ?"

ጋሽ ዳንሳ ማንኛውንም ምት እንድትቀበል አድርገው ሊጽፉባት ቺፕዋን ነቀሏት። አናቷ ላይ የመስታወት መስኮት አላት፤ የተጻፈባትን ፀሐይ ቀስ እያለ ይሰርዘዋል። ጣራችን ላይ አሰጧት። ተሰርዛ አዲስ እስኪጻፍባት ድረስ እማዬ ወደ በሩ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ መዶሻው ለማንም መታ። ለእንጨት ሻጯ፣ ለለማኙ፣ ለንፋሱም። እማዬ ለሁሉም ተነሳች። ጋሽ ዳንሳ "እንደ ድሮው ልመልሰው" ብለው ቢለምኗት አሻፈረኝ አለች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለን፤ እኛ ደግሞ ምን እንዳደከመው እናውቃለን። ደርግ ሳይወድቅ ሞተች።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእንጦጦ ቁልቁል እየተንጠባጠበ ወረደ። ከጋሽ ዳንሳ ጋር መንገድ ዳር ቆመን የሁሉንም ፊት ስናይ ሰነበትን። ግርማ የለም።

ሠፈሩም ፈርሷል። ግርማ ዛሬ ቢመጣ የሚያንኳኳው በር የለውም። ጋሽ ዳንሳ ግን በደወሉ ቁጥር "የልጁ ወሬ አለ?" ሳይሉኝ ስልኩን ዘግተው አያውቁም። ይሄን የሚጠይቀኝ የመጨረሻው ሰው ዛሬ ሄደ። እኔም ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ፤ ለእሳቸው ብዬ ነበር "እስካሁን የለም" የምለው።

ጋሽ ዳንሳ፣ ደህና ይሁኑ። እማዬን ያገኟታል። ግርማም እዚያ ካለ ይሳሙልኝ።

ከሌለ ግን ለእሷ እንዳይነግሯት። ትነሳለች።