ግትር ቀበቶ

ደብዳቤው አራት መስመር ነው። የመጀመሪያው የጨረታውን ቁጥር ይጠቅሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው «ያቀረቡት የቀበቶ ናሙና ግትር፣ የማይታጠፍና የጥራት ደረጃውን ያልጠበቀ ሆኖ በመገኘቱ ውድቅ ተደርጓል» ይላሉ። አራተኛው ግልባጭ ነው። የተላከውም ለነጂባ በሺር የመሥሪያ ሼድ ለሰጣት ጽሕፈት ቤት ነው።

ነጂባን ያቃጠላት ጨረታውን ማጣቷ አልነበረም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ሰማንያ ቀበቶ ሊገዛ ፈለገ፤ ተወዳደረች፣ ወደቀች። ይኼ ያለ ነው። ግልባጩ ግን ሌላ ነገር አመጣ። በሳምንቱ ጽሕፈት ቤቱ አስጠርቶ፣ የጥራት ቅሬታ የመጣበት ሰው ሼዱን ለተረኛ እንደሚለቅ ነገራት። ሼዱ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ያለች አራት በአምስት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ቆዳዋም፣ መሣሪያዋም፣ የዕለት ጉርሷም እዚያ ነው። ከፋብሪካው የማስተካከያ ደብዳቤ ካመጣች ጉዳዩ ይታይላታል ተባለ። አሥራ አምስት ቀን ሰጧት።

ነጂባ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከገበሬ ቤት ተወልዳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኮምቦልቻ ወረደችና ቆዳ ፋብሪካ ገባች። አሥራ ሰባት ዓመት መራጭ ሆና ሠራች። መራጭ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ቆዳ በመዳፉ እየዳበሰ ይህ አንደኛ ደረጃ ነው፣ ይህ ሦስተኛ ነው፣ ይህን መዥገር በልቶታል፣ ይህን ሲገፍፉት ቢላዋ አግኝቶታል የሚል ሰው ነው። የለየውን ቆዳ ገልብጦ ቁጥሩንና ቀኑን በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ደሴ ወጣች። ጫማ የሚጠግን የባሏ ወንድም የወስፌ አያያዝ አሳያት፤ የቀረውን እያበላሸች ተማረችው። ባሏ ከሞተ በኋላ ሥራው የእሷና የልጇ የሰልዋ ሆነ።

በሰፈሩ ዞር ስትል «ፋቂ» የሚሏት ነበሩ። ቆዳ የሚነካ ሰው ስሙ ይኸው ነው፤ ስድብ ነው። የሰደቧት ሰዎች ሱሪያቸውን በምን እንደሚያስሩ ጠይቃቸው አታውቅም።

አሠራሯ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም። የምትገዛው የበሬ ቆዳ ነው፤ ከበሬውም የጀርባውን ብቻ። የሆድ ቆዳ እንደ ሆድ ይሰፋል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በቁመቱ ትቆርጥና ጠፍሩን በውኃ አርሳ ከጣራው እንጨት ላይ ትሰቅለዋለች፤ ከታች የመኪና ቸርኬ ታንጠለጥልበታለች። ሦስት ቀን እንዲሁ ይቆያል። ቆዳው የሚለጠጠውን ሁሉ እዚያ ተለጥጦ ስለሚጨርስ ገዢው ወገብ ላይ የሚለጠጠው አይኖርም። ጠርዙን በሰም ታሸዋለች። ስትሰፋ ሁለት መርፌ በአንድ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ታሳልፋለች፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። እንዲህ የተሠራ ቀበቶ አዲስ ሳለ አይታጠፍም። በወሩ ወገብ ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት ቅርጹን አይለቅም። ሱቅ ውስጥ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፈው ቀበቶ ውስጡ ካርቶን ነው። በሦስተኛው ወር ይጠማዘዛል፣ በአምስተኛው ይላጣል።

ይህን ሁሉም ሰው ማወቅ አይጠበቅበትም። የጥራት ኮሚቴ ተብሎ የተሰየመ ሰው ግን ማወቅ አለበት።

ከምትሠራው አብዛኛውን የሚወስደው ሀፊዝ የሚባል የፒያሳ ነጋዴ ነበር። በሳምንት አሥር ቀበቶ። ድሮ በእያንዳንዱ ላይ፣ ከዘለበቱ አጠገብ፣ በጋለ ብረት «ነ.በ» ብላ ትተኩስበት ነበር። ሀፊዝ የገጠር ደንበኛ ንጹሕ ነገር ይወዳል ብሎ ለእሱ በምትሠራው ላይ እንድታስቀረው ለመናት። አስቀረችው። ለጨረታው ያቀረበችው ናሙና ግን ምልክቷ ነበረበት።

በአራተኛው ቀን በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ሰልዋ በጽሑፍ አቤቱታ ይሻላል ብላ ነበር። ነጂባ ግን በጽሑፍ የመጣባትን ነገር በአፏ ልትጠይቅ ፈለገች።

የግዥ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጸጋው ወንበር ሰጥቶ፣ ትሑት ሆኖ ተቀበላት። አጠገቡ ጽናት የምትባል ወጣት የጥራት ባለሙያ ተቀምጣለች፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው እሷ ናት። ነጂባ ጉድለቱን አሳዩኝ አለች። ጸጋው ደብዳቤው ላይ ተጽፏል አላት። ማንበብ እንደምትችል፣ የጠየቀችውም ወረቀቱን ሳይሆን ቀበቶውን እንደሆነ ነገረችው። ሰውዬው ተነሥቶ ከመደርደሪያው ሁለት ናሙና አወጣ። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ውስጡ ላይ በወርቃማ ፊደል የቱርክ ሥሪት መሆኑ ታትሟል።

ጸጋው የተጠቀለለውን አወጣና በሁለት እጁ ሊያጥፈው ሞከረ። እንደማይታጠፍ አሳያት። አሸናፊው ይኼ ነው፣ ዕቃ ማለት እንዲህ ነው፣ ከእሱ ጋር ሲተያይ የአገር ውስጡ ገና ብዙ ይቀረዋል አላት። እየመከራት ነበር።

ነጂባ ቀበቶውን ተቀበለችና አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈች። ስፌቱን አየች። ማን እንዳቀረበው ጠየቀች። ጽናት ፋይሉን ገልጣ የሀፊዝን ሱቅ ስም አነበበች።

ነጂባ ምላጭ ጠየቀች። ጸጋው የጨረታ ናሙና አይነካም አለ። ጽናት አለቃዋን አየት አድርጋ ከመሳቢያዋ ምላጭ አውጥታ ሰጠቻት። ነጂባ ዘለበቱ ሥር የታጠፈውን ቆዳ ስፌት ፈታች። ከቆዳ ፋብሪካው የተረፋት ልማድ ነው፤ ማንም በማያየው እጥፋት ውስጥ ቀኑንና የቆዳውን ቁጥር ትጽፋለች። እጥፋቱን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በእጅ ጽሑፍ «ጥር 9፣ ቆዳ 2» ይላል።

«ቱርክ አገርም ጥር አለ?» አለች።

ጽናት ሳቋን ዋጠች። ጸጋው ጽሑፉን መነጽሩን አድርጎም አውልቆም አየው። ጽናት ማንም ሳያዛት ሌላውን ናሙና፣ ውድቅ የተደረገውን፣ ወሰደችና በዚያው ምላጭ ፈታችው። ጥር 9፣ ቆዳ 2። ሁለቱም ከአንድ በሬ ጀርባ የወጡ ናቸው።

ነጂባ ቃለ ጉባኤው እንዲነበብላት ጠየቀች። ጽናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች። የቱርክ የተባለው «ጠንካራና ቅርጹን የሚጠብቅ» ነው። የነጂባው «ግትርና የማይታጠፍ» ነው። አንድ ቆዳ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ገጽ ላይ።

ጸጋው ስልኩን አነሣና ሀፊዝ ጋ ደውሎ የስልኩን ድምፅ ሁሉም እንዲሰሙት ከፍ አደረገው። ሀፊዝ ነጂባ እዚያ መሆኗን ሲሰማ አልደነገጠም።

«እትየ ነጂባ፣ አሰላሙ አለይኩም። ወላሂ እኔ ምንም አልበደልኩዎትም። ሰዉ የእርስዎን ስም ሲያይ ይከራከራል፤ ቱርክ ሲባል ዝም ብሎ ይከፍላል። ቀበቶዎን እኮ ነው ያከበርኩልዎት።»

«ወአለይኩም ሰላም» አለች ነጂባ። «ስሜን የፋቅከው አንተ፣ ፋቂ የምባለው እኔ። ይኼ ነው ክብሩ?»

ሀፊዝ ነገሩን ወደ ሥራ መለሰው። እሷ ሰማንያውን ትሥራ፣ እሱ ያቅርብ፣ ፋብሪካውም ጥሩ ቀበቶ ያግኝ፤ የሚጎዳ የለም አለ። ጸጋው ሐሳቡን ወደደው። ስልኩን ዘጋና ጽናትን የማስተካከያ ደብዳቤ ያስጽፋት ጀመር፤ «የወይዘሮ ነጂባ በሺር ናሙና እንደገና ታይቶ ከቱርክ ሥሪቱ ቀበቶ ጋር ተመጣጣኝ ጥራት ያለው ሆኖ ተገኝቷል።» ግልባጭ፣ ለጽሕፈት ቤቱ። በዚህ ወረቀት ሼዱ ይተርፋል። ጸጋው ማኅተሙን ከሣጥኑ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

ነጂባ እንደገና እንዲነበብላት ጠየቀች። ተነበበላት።

«የምመጥነው ማንን ነው? ራሴን?»

የጸጋው ትሕትና አለቀ። ሼዷን የሚያድን ወረቀት ይዞላት ስለ አንድ ቃል እንደምትከራከር፣ እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገራት።

«ግትር ነኝ ወይስ ጠንካራ? እርስዎ ዘንድ ሁለቱም ተጽፏል።»

የምትፈልገው ቀላል ነበር። ያሸነፈው ናሙና የማን ሥራ እንደሆነ ይጻፍ። ጸጋው አይቻልም አለ። ምክንያቱን አልሸሸገም። እንደዚያ ከተጻፈ ኦዲት ይመጣል፤ ኦዲት ኮሚቴው ምኑን እንደመረመረ ይጠይቃል። ኮሚቴው የመረመረው ወርቃማውን ፊደል ነው። ቀበቶውን አንድም ሰው ወገቡ ላይ አላሰረውም፣ ውኃ አላስነካውም፣ ክብደት አላንጠለጠለበትም። ይህን ለመሸፈን የአንዲት ሴት የሠላሳ ዓመት ሙያ ከራሱ ጋር ተመጣጣኝ ይባላል። ለጸጋው ይህ መፍትሔ ነው።

ነጂባ ደብዳቤውን አልተቀበለችም። ስትወጣ ጽናት እኔም አልፈርምበትም ስትል ሰማቻት። ያለ ሦስት ፊርማ ደብዳቤ ከኮሚቴው አይወጣም። ጸጋው ማኅተሙን ወደ ሣጥኑ መለሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጃጅም ነበሩ። ሰልዋ እናቷን ተቆጣች። ወረቀቱን ተቀብለሽ፣ ሼዱን አድነሽ፣ ከዚያ ብትጣዪ ምን ነበረበት አለቻት። በዘጠነኛው ቀን ሼዱን የሚረከበው ተረኛ መጥቶ በሩን ለካ። ወጣት ልጅ ነው፣ ብረት በያጅ፤ አፍሮ ነበር። ነጂባ የመለኪያውን ሌላ ጫፍ ያዘችለት። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ አስጠራት። ከኮምቦልቻ ደብዳቤ መጥቷል። ጨረታው ተሰርዟል። ቀደም ሲል ስለ ወይዘሮ ነጂባ በሺር የተላከው ደብዳቤ «በጽሕፈት ስሕተት የተላከ በመሆኑ» እንዳልተጻፈ ይቆጠር ይላል። ሦስት ፊርማ አለበት፤ ሦስተኛው የጽናት ነው።

የጽሕፈት ስሕተት። ግትር የሚለውን ቃል ማንም ተሳስቶ አይጽፈውም። ማንም ግን ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም አልተጠየቀም፣ ቱርክ የሚለው ቃልም ከየትኛውም ወረቀት ላይ አልጠፋም፤ በአዲሱ ደብዳቤ ላይ ዝም ብሎ አልተጠቀሰም። ነጂባ ተመልሳ ኮምቦልቻ ልትወርድ ተነሥታ ነበር። ሰልዋ ጫማዋን ደበቀችባት። ነጂባ ቁጭ ብላ አሰበች። ወረቀቱ ስለ ሥራዋ እውነት አልጻፈም፤ ውሸትም አልጻፈም። በዚህ አገር ቢሮ ከዚህ በላይ የሚገኝበትን በር አታውቀውም። ፈርማ ተቀበለች። ሼዱ የእሷ ሆኖ ቀረ።

በሳምንቱ ሀፊዝ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጤንነቷን፣ የሰልዋን ጤንነት፣ ሥራውን ጠየቀ። ያለፈው አልፏል፣ አሥር አሥሩን እንቀጥል፣ ያለ ምልክት ይሁን አለ። ነጂባ እንደምትሠራለት፣ ግን ሙሉ ስሟ በውጭ በኩል እንደሚታተም ነገረችው። ሳቀ። ያለ እሱ ማን እንደሚገዛት ጠየቃት።

«አላውቅም» አለች። «አንተ ግን በስሜ ካልሸጥክ አትሸጠኝም።»

ሄደ። አልተመለሰም። አሁን ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ሸራ አንጥፋ ትሸጣለች። ሳምንቱ ጥሩ ሲሆን አራት፣ ሳይሆን ሁለት። ድሮ አሥር ነበር። ሰልዋ ይህን ሳታነሣው የምታድርበት ቀን ጥቂት ነው፤ እውነቷን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀበቶዎች በሸጠች ማግስት ነጂባ ፒያሳ ወደ ማኅተም ቀራጭ ሄደች። «ነጂባ በሺር፣ ደሴ» የሚል የናስ ማኅተም አዘዘች። ቀራጩ ስሟን የጻፈችበትን ወረቀት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ስሙ ረጅም ነው፣ ቦታ አይበቃሽም፣ ሁለት ፊደል ይሻላል አላት።

ቀበቶው ከአንድ ሜትር በላይ እንደሆነ ነገረችው።