አወድ ያመጣቸው ዛጎሎች

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ነፋስ ልታስመታኝ ባሕሩ ዳር ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ሄሮን ይዛኝ ወጣች። ባሕሩ ዳር ሰዎች ጀልባ ገልብጠው ሆዱን በብረት ይፍቁ ነበር። የሚፋቀው ዛጎል እየረገፈ ውሃው ውስጥ ሲገባ አየሁና አወድ ትዝ አለኝ።

ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከድሬዳዋ ወደዚህ ወደብ ከተማ ተከትዬው መጥቼ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ፈረንሳዮች ቤት በወጥ ቤትነት ተቀጠርኩ። አወድ የየመን ሰው ነው። ፈረንጆቹ ዊትር የሚሉትን፣ ከአለት ተፈልቅቆ በሎሚ ጥሬውን የሚበላውን ዛጎል፣ በየሐሙሱ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ በጓሮ በር ያመጣልን ነበር። እኔ በሃይማኖቴ ስለማልበላው የማውቀው መልኩንና ሽታውን ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ገብቶ፣ ነፋሱ ያመጣው አሸዋ በምንበላው ዳቦ ውስጥ ሳይቀር ሲንቀጫቀጭ፣ የአወድ ጆንያ ተለወጠብኝ። ትልልቆቹ ዛጎሎች ቀነሱ። የቀሩትም ጥፍር የሚያካክሉ ጥቋቁር ዛጎሎች ተለጥፈውባቸው፣ የድንጋይ ከሰል እየሸተቱ መጡ። ከየት እንደሚለቅም ስጠይቀው ከድሮው ቦታ ነው አለኝ፤ ሲመልስልኝ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ከወደቡ ቆሻሻ ሥር እየለቀመ ያታልለናል ብዬ ደመደምኩ። የቤቱ እመቤት ማዳም ሆዷን ታማ የተኛች ዕለት ይህንኑ ነገርኳት። እሷም አወድን ከበር እንዲመልሰው ዘበኛውን አዘዘችው።

ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም። በሁለተኛው ቀን ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቄ አወድን በሩቁ ተከተልኩት። ወደ ወደቡ አልታጠፈም፤ እንደሚለው ወደ አለቶቹ ወረደ። አለቶቹ በጥቋቁሮቹ ዛጎሎች ተሸፍነዋል። እልፍ ብሎ አንድ አሮጌ መርከብ በጎኑ ተጋድሞ ሆዱ ይፋቃል፤ የውሃው ፊት በዘይት ያብረቀርቃል፣ የድንጋይ ከሰልም ይሸታል።

አወድ ሲያየኝ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ለማዳም የነገርሻት አንቺ ነሽ?» አለኝ በዐረብኛ። ዝቅ ብዬ ጥቋቁሮቹን ዛጎሎች ነካሁ።

«ይህ ጥቁሩ የዚህ ባሕር አይደለም» አለ። «መርከቦቹ ሆዳቸው ላይ ለጥፈው ያመጡታል። ተፍቆ ሲወድቅ አይሞትም፤ አለቱን ይይዝና የኛን ያንቀዋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እያለቀ ነው ብዬ ብነግርሽ ሌላ ሻጭ አትፈልጊም?»

እየሮጥኩ ተመልሼ ያየሁትን ሁሉ ለማዳም ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣ «ምን ሰጠሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከገበያ ስገባ ዘንቢሌን ራሷ ትፈትሸው፣ ዓሣውንም አንድ በአንድ ታሸተው ጀመር። ሁለት ወር ታግሼ ወጣሁ።

አወድን ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ብሄድ፣ ቤተሰቡን ይዞ ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ኦቦክ መሻገሩን ጎረቤቶቹ ነገሩኝ።

ማዳምን ያመማት ዛጎሉ ይሁን ሙቀቱ ዛሬም አላውቅም። መጠርጠሩንስ ማንም ይጠረጥራል። እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንኳ የሚቆጨኝ ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ተናገርኩ፣ ከዚያ ሄጄ አየሁ።